ስምንት ቁጥር ዛሬ አልሳለችም

ሰኞ 4

ይህን ደብተር የሰጠችኝ እህቴ ናት። ሽፋኑ ላይ የምትስቅ ፀሐይ አለች፤ ዝናቡ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ትዳር ከያዘች ወዲህ ምክር ታበዛለች። «በየቀኑ ሦስት ጥሩ ነገር ጻፊ፤ አንድም ቀን እንዳያልፍሽ። ፊትሽን እንዲህ ቋጥረሽ ማን ሌላ ሥራ ይሰጥሻል?» አለችኝ።

እሺ፣ ልጀምር። ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ካልሲ ፋብሪካ ውስጥ፣ የጥንድ ጠረጴዛ ላይ፣ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ካልሲው ከማሽን ወጥቶ በቅርጫት ይመጣልኛል። አንዱን አነሳለሁ፣ በእንጨት እግር ላይ እወጥረዋለሁ፣ ተረከዙንና ጣቱን አያለሁ፣ ቁመቱ የሚገጥም ጓደኛ ፈልጌ አጋባዋለሁ። ከዚያ ወደሚቀጥለው። በቀን ከሺህ በላይ ጋብቻ እፈጽማለሁ። የራሴን ነገር ግን እዚህ አላነሳም፤ ደብተሩ የጥሩ ነገር ነው።

ውሳኔ፦ ክረምቱ ሳይወጣ ከዚህ ጠረጴዛ እነሳለሁ። ተጽፏል፣ አለቀ።

ጥሩ ነገሮች፦ አንድ፣ የደብተሩ ወረቀት ወፍራም ነው። ሁለት፣ ጥንዴ ቀኑን ሙሉ አሳቀችኝ። (ጥንዴ አጠገቤ የምትቀመጠው ናት፤ እንዲህ ነው የምንጠራራው።) ሦስት፣ ስምንት ቁጥር ማሽን ዛሬ አልሳለችም።

ማክሰኞ 5

ቸኩያለሁ። አውቶቡሱ አመለጠኝና በእግሬ መጣሁ። የግራ ጫማዬ ሶል አፉን ከፍቶ ውሃ ይጠጣል። ካልሲ ፋብሪካ እየሠሩ በእርጥብ ካልሲ መዋል! ጥሩ ነገር፦ አንድ፣ ደረቅ ካልሲ የሞላበት መሥሪያ ቤት አለኝ። ሁለትና ሦስት ነገ።

ሐሙስ 7

ጫማዬን ተሰፍቶ፣ ተወልውሎ በር ሥር አገኘሁት። እህቴ ትናንት መጥታ ስለነበር እሷ አሰፍታው ይሆናል። ደውዬ ሳመሰግናት «የምን ጫማ?» አለችኝ። ደግነቷን መደበቅ ትወዳለች።

ከጠረጴዛችን ጀርባ አሥራ ሁለት ማሽኖች በሁለት ረድፍ ቆመዋል። ስምንት ቁጥር ከሁሉም ትልቋ አሮጊት ናት። መርፌ ልትሰብር ስትል አስቀድማ ትስላለች፤ ከዚያ ሁሉ ጫጫታ መሃል አንዲት «እህ» ትወጣለች። ሌላው ሰው አይሰማኝም ይላል። እኔ ጀርባዬን ሰጥቻት ተቀምጬ እንኳ ትሰማኛለች። ያኔ ካልሲዬን ጥዬ ለመካኒኩ ልነግር እነሳለሁ።

መካኒኩ ጋሼ ብሎን ናቸው። ሠላሳ ዓመት ብሎን ሲያጠብቁ የራሳቸው ስም ጠፍቶ ቀረ። እኔን «ጆሮ» ይሉኛል። ጠዋት ሲገቡ ሰላምታቸው «ጆሮ፣ ዛሬ ማን ታመመ?» ነው።

በተነሣሁ ቁጥር የምትቆጣኝ አለቃችን ናት። ዓይኗ ከግድግዳው ሰዓት ስለማይነቀል ሰዓት እላፊ እንላታለን። ዛሬ ከመጋዘን ስመለስ ለሥራ አስኪያጁ ስትናገር ሰማኋት፦ «እሷ? ከጥንድ ጠረጴዛ ሌላ የት ትሄዳለች!» ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእኔው ግን ዘመድ ሆኖ ጉድ ሠራኝ። ምሳዬን ሳልጨርስ ቀረሁ። ደግሞ እውነቷን ቢሆንስ? ስድስት ዓመት እኮ ማንም አስሮ አላስቀመጠኝም።

ጥሩ ነገሮች፦ አንድ፣ ጫማዬ። ሁለት፣ ስምንት ቁጥር ሳለች፣ ግን መርፌዋ ሳይሰበር ተደረሰላት። ሦስት፣ ጋሼ ብሎን ባትሪ አስያዙኝና ሆዷን ከፍተው አሳዩኝ። ውስጧ እንደዚያ ያምራል ብዬ አላስብም ነበር።

ሰኞ 11

ትናንት ሙሉ ቀን ማመልከቻ ስጽፍ ዋልኩ። አንድ ኢንሹራንስ ድርጅት ጸሐፊ ይፈልጋል። እማዬ ደስታዋን አልቻለችውም፤ «በቃ፣ ወንበር ያለው ሥራ!» ትላለች። አሁንስ ቢሆን ወንበር የለኝም እንዴ? ስድስት ዓመት የተቀመጥኩት ምን ላይ ነው?

ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ ቢሮ ነው የምትሠራው» ብላ አውርታለች። አባቴ የጭነት መኪና መካኒክ ነበር፤ ካረፈ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ሃያ ሁለት ዓመት ቱታውን ስታጥብ ጥፍሯ ጠቁሮ እንደቀረ ሁሌ ታነሣለች። «ከዚህ ቤት ግራሶ ወጥቷል፤ ተመልሶ አይገባም» ነው የምትለው። ስለዚህ ስለ ማሽኖቹ ቤት ውስጥ ትንፍሽ ብዬ አላውቅም።

ማመልከቻው ላይ «ጠንካራ ጎን» የሚል ባዶ ቦታ አለ። ግማሽ ሰዓት አፍጥጬበት «ታታሪ ነኝ» ብዬ ሞላሁት። ሰነፍ ነኝ ብሎ የሚጽፍ ካለ አሳዩኝ።

ጥሩ ነገሮች፦ አንድ፣ ማመልከቻው ገባ። ሁለት፣ አራት ቁጥር የምትንጫጫው ቺንጋዋ፣ የሚያሽከረክራት ቀበቶ፣ ስለላላ ነው ብዬ ነበር፤ ልክ ሆንኩ። ሦስት፣ አንድ ብሎን በራሴ እጅ አጠበቅኩ። ጋሼ ብሎን «ቀስ! አንገቱን ልትቀጪው ነው» አሉኝ።

ዓርብ 15

ሰዓት እላፊ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠችኝ። በዚህ ሳምንት ሰባት ጊዜ ከቦታዬ ተነሥቻለሁ። ቆጥራኛለች! ጥንዴ «አንዴ ድገሚና ቁጥሩ ከአሮጊትሽ ጋር ይግጠም» አለችኝ። አለቃችን ፊት ላለመሳቅ ከንፈሬን ነክሼ ነው የቆምኩት።

ጥሩ ነገር፦ ጥንዴ። ሦስት ጊዜ ትቆጠርልኝ።

ማክሰኞ 19

ደብተሩን ትራሴ ሥር ነበር የማስቀምጠው። ዛሬ መስኮቱ ላይ አገኘሁት። በሃያ ዘጠኝ ዓመቴ መርሳት ጀመርኩ ማለት ነው።

ኢንሹራንሱ ለቃለ መጠይቅ ጠራኝ፤ ለሐሙስ ሳምንት። ጥሩ ነገር፦ እሱ ራሱ። ደግሞ ስምንት ቁጥር አራት ቀን ሙሉ ደህና ናት። ሦስተኛውን ሳላገኝ እንቅልፌ መጣ።

እሑድ 24

እማዬ እራት ላይ ከየት እንዳመጣችው ሳላውቅ «ለመሆኑ ያ የፋብሪካ ወንበር መደገፊያ አለው?» አለችኝ።

«የለውም» አልኳት።

«ስድስት ዓመት ያለ መደገፊያ!» አለችና ሳህኑን አነሳች። አሳዘነችኝ። ለነገሩ እኔም ወንበሩን እንዲያ አስቤው አላውቅም፤ ቶሎ ቶሎ ስለምነሣ ይሆናል።

ሐሙስ 28

ጉድ ነው የሠራሁት። ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ሦስት ሰዎች ናቸው የጠየቁኝ። ሰላምታው፣ ፈገግታው፣ ትምህርቱ፣ ሁሉም በደንብ ሄደ። ከዚያ መሃል የተቀመጡት ሰውዬ እግራቸውን አነባበሩና «ከአምስት ዓመት በኋላ ራስሽን የት ታያለሽ?» አሉኝ። እኔ ግን ራሴን ትቼ ሌላ ነገር እያየሁ ነበር። የግራ ካልሲያቸው ጥቁር ነው። የቀኙ ጥቁር የሚመስል ሰማያዊ ነው። ልተወው አልኩ፤ እምላለሁ፣ ልተወው ብዬ ነበር። አፌ ቀደመኝ።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ ካልሲዎ ጥንድ አይደለም።»

እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት? «የግራው የእኛ ነው፤ ከሦስት ቁጥር ማሽን የወጣ፤ ላስቲኩ ያስታውቃል። የቀኙን ግን አላውቀውም» ብዬ ቀጠልኩ። ዳር የተቀመጠችው ሴትዮ ሳቋን በሳል ልትሸፍን ስትሞክር ውሃዋን ደፋች። ሰውየው እግራቸውን ወንበር ሥር ከተው «እናሳውቅሻለን» አሉኝ። እግሬ አውጪኝ ብዬ ወጣሁ።

ጥንዴ ስነግራት ከወንበሯ ወደቀች። እውነቴን ነው፣ ወደቀች። መደገፊያ የለውማ።

ጥሩ ነገሮች፦ አንድ፣ ሰውየው አሁን ያውቃሉ። ሁለት፣ ሦስት ቁጥር ጥሩ ላስቲክ ነው የምትሠራው። ሦስት፣ ለእማዬ ሳወራላት በጣም ትቆጣለች ብዬ ስፈራ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

ሰኞ 2

ወሩ ተቀየረ፣ የእኔ ነገር አልተቀየረም። ከኢንሹራንሱ ደብዳቤ መጣ፦ «ለወደፊቱ መልካም ዕድል።» እሺ።

ጋሼ ብሎን በዚህ ወር መጨረሻ ጡረታ ይወጣሉ። ሰሌዳው ላይ የውስጥ ማስታወቂያ ተለጥፏል፦ ረዳት መካኒክ፣ ከፋብሪካው ሠራተኞች መካከል፣ የቅርብ አለቃ ፊርማ ያስፈልጋል፣ ፈተና አለው። ሰው ካልተገኘ ጥገናው ለውጭ ድርጅት ይሰጣል። ለእኔ አይሆንም፤ የግራሶ ሥራ ነው። ሦስት ጊዜ ያነበብኩት ጽሑፉ ደቃቃ ስለሆነ ነው።

የውጭ ሰዎች ስምንት ቁጥርን አያውቋትም። አሮጌ ናት ብለው ይጥሏታል።

ጥሩ ነገር ዛሬ አላገኘሁም። ቆይ፣ ዝናቡ ከሥራ ስወጣ ቆመልኝ። አንድ።

ሐሙስ 5

ጋሼ ብሎን፦ «ጆሮ፣ ማስታወቂያውን አየሽው?»

እኔ፦ «የትኛውን?»

እሳቸው፦ «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!»

ካቻቪቴያቸውን አንስተው ሄዱ። ቀኑን ሙሉም ማን እንደታመመ አልጠየቁኝም። ከፋኝ።

ሰኞ 9

አንድ ክሊኒክ ስልክ የሚመልስና እንግዳ የሚቀበል ሰው ይፈልጋል። ዛሬ ጠየቁኝ። ከጉልበት በታች ላለማየት ጣሪያ ጣሪያውን ሳይ ቆየሁ፤ ምናልባት ጸሎተኛ መስያቸው ይሆናል። ክፍሉ ንጹህ ነው፣ ጸጥ ያለ። በጣም ጸጥ ያለ። ምንም የሚሰማ ነገር የለም።

ጥሩ ነገሮች፦ አንድ፣ ስለ ካልሲ አንድም ቃል አልተነፈስኩም። ሁለት፣ ስመለስ አሥራ አንድ ቁጥር ቆማ አገኘኋትና ክሩ የተጠላለፈበትን ቦታ ከጋሼ ብሎን ቀድሜ አየሁት። ሦስት፣ ታረቁኝ።

ዓርብ 13

ክሊኒኩ ተቀበለኝ! ከሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ሥራ እጀምራለሁ፤ እስከ ዓርብ ሳምንት እሺ ወይም እምቢ ልበል።

በሩጫ ነው ቤት የገባሁት። እማዬ እልል ትላለች ብዬ ስጠብቅ «እንኳን ደስ አለሽ» አለችኝ። ደስ አለን አላለችም። ከዚያ መነጽሯን ፍለጋ ቤቱን ገለበጠችው፤ በመጨረሻ አልጋዬ ላይ ተገኘ። «አንሶላ ስቀይርልሽ ረስቼው ነው» አለች። አንሶላው ግን ያው የሰኞው ነው። እርጅና መጣ እንግዲህ፤ እኔም ደብተር እረሳለሁ፣ እሷም መነጽር።

ጥሩ ነገሮች፦ አንድ፣ ወንበሩ መደገፊያ አለው። ሁለት፣ ከጠረጴዛው ተነሣሁ። ሦስት… እህቴ በስልክ «ደስ ብሎሻል አይደል?» ስትለኝ «በጣም» አልኳት። ጥሩ ነገር መሆኑን እንጃ፣ ግን ብያለሁ።

እሑድ 15

የክሊኒኩ ፎርምም «ጠንካራ ጎን» የሚል ጥያቄ አለበት። እንደገና «ታታሪ» ብዬ መጻፍ አሳፈረኝ። ደብተሬ ውስጥ የሚረዳኝ ነገር ካለ ብዬ ጥሩ ነገሮቼን ከመጀመሪያው ማንበብ ጀመርኩ።

ስምንት ቁጥር አልሳለችም። አራት ቁጥር ቺንጋዋ ላላ። ብሎን አጠበቅኩ። ሦስት ቁጥር፣ አሥራ አንድ ቁጥር። የእህቴ ደብተር የማሽኖች የሐኪም ካርድ ሆኗል! ብቻዬን ሳቅሁ፣ ከዚያ ሳቁ ወደ ልቅሶ ሊዞርብኝ ሲል ተነሥቼ ፊቴን ታጠብኩ።

ስድስት ዓመት ሙሉ ያን ጠረጴዛ ስጠላ፣ ደስ የሚለኝ ነገር ከጀርባዬ አሥር እርምጃ ላይ ቆሞ ነበር። መካኒክ መሆን እፈልጋለሁ። ይኸው፣ ጻፍኩት። እጄን ግራሶ በግራሶ ማድረግ እፈልጋለሁ።

ግን የክሊኒኩ ሥራ የተጨበጠ ነው፤ ይኼኛው ላም አለኝ በሰማይ ነው። ፈተናው ገና ወሩ በገባ በሃያ አራት ነው፣ ክሊኒኩ ደግሞ በሃያ መልስ ይፈልጋል። ሁለቱንም አጥቼ ጠረጴዛው ላይ ብቀርስ? ለእማዬስ በየትኛው አፌ እነግራታለሁ? እሷን ላሳዝን አልፈልግም። በዚህ ዓለም ላይ ከምንም በላይ እሱን አልፈልግም።

ሰኞ 16

ፎርሙን ይዤ ሰዓት እላፊ ቢሮ ገባሁ። አነበበችውና ለመጀመሪያ ጊዜ ሰዓቱን ሳታይ እኔን አየችኝ።

«ስድስት ዓመት አንድ ደርዘን ተመልሶብሽ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«አንድም! ለሥራ አስኪያጁ ነግሬዋለሁ፤ እሷን ከጥንድ ጠረጴዛ ማንም አይወስድብኝም፣ የትም አትሄድም ብዬ። ማንን ላስቀምጥ በቦታሽ?»

ያንን ነበር ለካ የሰማሁት። አንድ ወር ሙሉ ሆዴ ውስጥ ይዤው የዞርኩት ነገር ምስጋና ነበር፤ የሰዓት እላፊ ዓይነት ምስጋና።

«ጥንዴ አዲስ ሰው ማስተማር ትችላለች» አልኳት።

«እሷማ ማስተማር ሳይሆን ማሳቅ ነው የምታውቀው» አለችና ፈረመች። ከዚያ ሰዓቱን አየች። «አራት ደቂቃ ወስደሽብኛል። ሂጂ።»

ሐሙስ 19

ነገ ለክሊኒኩ መልስ መስጠት አለብኝ። ለእማዬ አልነገርኳትም። ፈሪ ነኝ።

ከሥራ ስመለስ ደረጃው ላይ ሳለሁ እማዬ ጎረቤታችንን በር ላይ ስታዋራት ሰማሁ። «ልጅሽ አሁንም ቢሮ ናት?» አለቻት ሴትዮዋ። እማዬ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ፋብሪካ ነው የምትሠራው። ማሽን ታውቃለች» አለች።

ደረጃው ላይ ቆሜ ቀረሁ። ጎረቤቷ እስክትገባ ድረስ መውጣት አልቻልኩም። ማን ነገራት? ማሽን እንደማውቅ የነገረቻት እህቴ ትሆናለች። ግን ለእህቴስ ማን ነገራት?

ዓርብ 20

ደወልኩ። «አመሰግናለሁ፣ ግን አልመጣም» አልኳቸው። ደህና ሴት ናት የመለሰችልኝ፤ ድምፅዋ የደከመ ነበር።

አሁን ያለኝ ጠረጴዛውና ፈተናው ብቻ ነው። ጥሩ ነገር፦ ፈርቻለሁ፣ ግን አልተጸጸትኩም። ለአንድም ለሦስትም ይቆጠር።

ማክሰኞ 24

ሦስት ነበርን፦ የመጋዘኑ ጫኝ፣ የሾፌሩ ረዳትና እኔ። የጽሑፉን አበላሸሁት። የመሣሪያዎቹን ስም አላውቅማ! ጋሼ ብሎን «ያንን አቀብዪኝ» እያሉ ነው ያስተማሩኝ፤ «ያንን» ብዬ ደግሞ ፈተና ላይ አልጽፍም።

ከዚያ ወደ ማሽን። ስምንት ቁጥርን ጋሼ ብሎን ሆን ብለው አበላሽተዋት ነበር። ሁለቱ ወንዶች ቺንጋዋ እንደላላ አገኙ፣ አጠበቁ፣ ጨረስን አሉ። የእኔ ተራ ሲደርስ ጋሼ ብሎን ቺንጋውን መልሰው እንዲላላ አደረጉት። እኔም አጠበቅኩና አስነሣኋት፤ ጀርባዬን ሰጥቻት ቆምኩ። ጫኙ ሳቀ። «ፊትሽን አዙሪ እንጂ!» አለኝ። ግን እኔ እንደዚያ ነው የማውቃት።

ሳሉ የለም። ከሥር ግን ሌላ ነገር አለ፤ ጥርስ የማፋጨት ዓይነት። «ኩሽኔታው ነው» አልኩ። «የታችኛው። አርጅቷል።» ጋሼ ብሎን ለሥራ አስኪያጁ «እሱን እንኳ እኔ አላበላሸሁትም፤ አላወቅኩትም ነበር» አሉ። ተከፍቶ ሲታይ ዘንጉ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ተበልቷል። እኔ በደስታ የብሎን መፍቻውን እግሬ ላይ ጣልኩት። እያነከስኩ ነው ቤት የገባሁት።

ዓርብ 27

አለፍኩ! ለሦስት ወር ሙከራ፣ ረዳት መካኒክ። ስሜ ሰሌዳው ላይ ነው። ጥንዴ ጮኸች፤ ሰዓት እላፊ «ሥራ ሰዓት ነው!» አለች፣ ግን ዘግይታ ነው ያለችው።

ጋሼ ብሎን ሲሰናበቱኝ «እንግዲህ ባትሪ የሚይዝልሽ ሰው ፈልጊ» አሉኝ። ሳቅሁ፣ ከዚያ ዝናብ እንደገባበት የጨው መጋዘን በእንባ ቀለጥኩ። እሳቸውም አፍንጫቸውን በግራሶ ጨርቅ ጠርገው ፊታቸውን አጠቆሩ።

ለእማዬ በዚሁ ቅዳሜና እሑድ እነግራታለሁ።

እሑድ 29

አልነገርኳትም።

ሰኞ 30

ክረምቱ አልወጣም፤ አሁንም መስኮቱን እየደበደበው ነው። እኔ ግን ከጠረጴዛው ተነሥቻለሁ።

ቱታው ሰፊ ነው። ቀኑን ሙሉ ቆሜ፣ ጎንብሼ፣ ተጋድሜ ዋልኩ፤ ወንበር የሚባል ነገር አላየሁም። ስምንት ቁጥርን አዲስ ኩሽኔታ አለበስኳት። ችግሩ፣ ስቸኩል ቱታውን ሳልቆልፍ ጎንበስ አልኩና የሸሚዜ እጅጌ ግራሶ ነካው። ቤት ስገባ ክንዴን ከኋላዬ ደብቄ በግድግዳ በግድግዳ ተጓዝኩ።

«እጅጌሽን አምጪ» አለች እማዬ።

አወጣሁት። አየችው። ወደ ጓዳ ሄደች፣ አሮጌ ጨርቅና በጠርሙስ ነጭ ጋዝ ይዛ ተመለሰች። እኔ ወደ ቧንቧው ስሄድ ጮኸችብኝ።

«ውሃ እንዳታስነኪው! ግራሶ መጀመሪያ ውሃ ከነካው አለቀለት። በጋዝ ጠቅ፣ ጠቅ። ከዳር ወደ መሃል። እንዳይሰፋ። አየሽ? ከዚያ ነው ሳሙና። አባትሽ ይህን ዕድሜውን ሙሉ አልለመደም፤ አንቺ ትለምጃለሽ።»

«እማዬ፣ ላስረዳሽ…»

«ጠቅ ጠቅ አልኩሽ፣ አትሹው።»

ጎን ለጎን ቆመን ጠቅ ጠቅ አደረግን። ግራሶው መልቀቅ ጀመረ። እሷ ዓይኗን ከእጅጌው ሳታነሣ፣ ስለ ጎረቤት ልጅ እንደሚጠይቅ ሰው፣ «ስምንት ቁጥርስ እንዴት ዋለች?» አለችኝ።

«ደህና ናት» አልኳት። «አልሳለችም።»

«ተመስገን» አለች።

አልጋዬ ላይ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው የገባኝ። በዚህ ቤት ውስጥ የስምንት ቁጥርን ስም አንድም ቀን ጮክ ብዬ ጠርቼ አላውቅም። ለእህቴም አልነገርኳት። የጻፍኩት እዚህ ብቻ ነው። ጫማዬንም። ወንበሩንም። ላሳዝናት አልፈልግም ያልኩትንም።

ደብተሩን ቦታ ልቀይርለት አሰብኩ። ተውኩት፤ ትራስ ሥር ይሁን።

ጥሩ ነገሮች፦ አንድ፣ ስምንት ቁጥር። ሁለት፣ ከዳር ወደ መሃል። ሦስት፦

እማዬ፣ መነጽርሽን አልጋዬ ላይ ረስተሽዋል።